«እንግሊዝኛው ይስተካከል» ከማለት በፊት፦ የትምህርት ክፍሎች የተማሪን ጽሑፍ አብረው የሚያግዙበት መንገድ

ግንቦት ሲገባ በየዩኒቨርሲቲው የሚደጋገም ነገር አለ። የሲኒየር ኢሴይ (የመመረቂያ ጥናት ጽሑፍ) ረቂቅ በአማካሪው ጠረጴዛ ላይ ይከመራል፤ አማካሪው ሁለት ሦስት ገጽ ያነብና ሽፋኑ ላይ «እንግሊዝኛው ይስተካከል» ብሎ ጽፎ ይመልሰዋል። ተማሪው ይዞት እንግሊዝኛ ትምህርት ክፍል ይሄዳል፤ አንድ ደግ መምህር ካገኘ አርቲክሉንና ቴንሱን ያቃናለታል፤ ካላገኘ በር ላይ ካለው ኮምፒውተር ቤት ከፍሎ ያሳርማል። ዲፌንስ (ጥናቱን ፈታኞች ፊት የሚያስረዳበት ቀን) ሲደርስ ግን ኤግዛሚነሩ ስለ አርቲክል አይጠይቅም። «ታዲያ ይህ ውጤት ምን ማለት ነው?» ይላል፤ ተማሪው ዝም።

ችግሩ የት እንዳለ ለማየት ከአካውንቲንግ ጥናት ምዕራፍ አራት ውስጥ የተለመደ ዓይነት አንቀጽ እንውሰድ፦

«በሰንጠረዥ 4 እንደተመለከተው፣ የግብር አወሳሰኑ ፍትሐዊ ነው ወይ ተብለው ከተጠየቁት 80 መላሾች 45ቱ (56.25 በመቶ) እስማማለሁ፣ 20ዎቹ (25 በመቶ) አልስማማም፣ 15ቱ (18.75 በመቶ) እርግጠኛ አይደለሁም ብለዋል። ከዚህ በመነሣት አብዛኞቹ መላሾች እንደሚስማሙ መረዳት ይቻላል።»

በሰዋስው የሚነቀፍ ነገር የለውም፤ ስሌቱም ትክክል ነው። ግን ሰንጠረዡን ጮክ ብሎ ከማንበብ ያለፈ አንድም ሥራ አልሠራም። አልስማማም ያሉት 20 ሰዎች እነማን ናቸው? በቁርጥ ግብር የሚከፍሉት ናቸው ወይስ ሒሳብ መዝገብ የሚይዙት? 15ቱስ እርግጠኛ ያልሆኑት ጥያቄው ስላልገባቸው ነው ወይስ መናገር ስለፈሩ? እነዚህን ጥያቄዎች ማንሣት የሚችለው የአካውንቲንግ መምህሩ ነው። የእንግሊዝኛ መምህሩ ደግሞ አንቀጹ አንድ ነገር ሊናገር ተነሥቶ ሳይናገር መቆሙን ከማንም ቀድሞ ያያል፤ ምን መባል እንደነበረበት ግን አያውቅም። ሁለቱ ሰዎች በተለያየ ሕንፃ፣ በተለያየ ወር፣ ሳይገናኙ ካረሙት ተማሪው ከሁለቱም የሚጠቅመውን አያገኝም።

ከዚህ በታች ያለው ለአንድ ኮርስ፣ ለአንድ ሴሚስተር፣ ለ60 ተማሪ ያህል የተሰላ አሠራር ነው። ከዚህ ሰፍቶ የተጀመረ ብዙውን ጊዜ በስብሰባና በሻይ ያልቃል።

የትኛው ኮርስ ይመረጥ

ብዙዎች ወደ ሲኒየር ኢሴዩ ነው የሚሮጡት። አይመከርም። በመጨረሻው ሴሚስተር ተማሪው ከ2015 ዓ.ም ጀምሮ እየተሰጠ ላለው የመውጫ ፈተና ነው የሚያነበው፤ ፈተናው መልስ በመምረጥ የሚሠራ ስለሆነ ደግሞ ጽሑፍ ለሚባል ነገር ልቡ ቦታ የለውም፤ አይፈረድበትም። አማካሪዎቹም ያን ጊዜ ለየብቻቸው ተበትነዋል።

የተሻለው የምርምር ዘዴ ኮርስ ነው። ፕሮፖዛል (የጥናት ዕቅድ) የሚጻፈው እዚያ ነው፤ አንድ መምህር ሁሉንም ተማሪ በአንድ ክፍል ያገኛል፤ የተሠራው ነገርም በቀጥታ ወደ ሲኒየር ኢሴዩ ይሸጋገራል። የላቦራቶሪ ትምህርት ላላቸው ክፍሎች የላብ ሪፖርት ያለበት የሁለተኛ ዓመት ኮርስ ይበልጥ ይስማማል፤ አጭር ስለሆነና በየሁለት ሳምንቱ ስለሚደጋገም ለውጡ ቶሎ ይታያል። በሕግ ትምህርት ቤት የሰበር ውሳኔ ትንታኔ የሚጻፍበትን ኮርስ መውሰድ ይቻላል።

«በመጀመሪያ ዓመት ኮሙዩኒኬቲቭ ኢንግሊሽ ወስደዋል እኮ» የሚል ሰው አይጠፋም። ወስደዋል። ግን እስከ 12ኛ ክፍል በአብዛኛው በምርጫ ሲፈተን የኖረ ልጅ ስለ ትራፊክ አደጋ አንድ አንቀጽ መጻፍ ስለተማረ የአፈር ናሙና ውጤት መተንተን ይችላል ማለት አይደለም። የአንድ ሙያ አጻጻፍ የሚለመደው ሙያው ውስጥ ነው።

እነማን ይቀመጡ

አምስት ሰው ይበቃል፦ ኮርሱን የሚሰጠው መምህር፣ ከዚያው ክፍል በሚቀጥለው ሴሚስተር የሚያማክር አንድ መምህር፣ አንድ የእንግሊዝኛ መምህር፣ አንድ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ፣ እና ከእንግሊዝኛ ማሻሻያ ማዕከሉ (ብዙዎች ኢሊክ የሚሉት) አንድ ሰው። ላብ ካለ ቴክኒካል አሲስታንቱ ይጨመር፤ የተማሪውን ጥሬ መረጃ ከሁሉም በላይ የሚያውቀው እሱ ነው፤ ሪፖርቱ ላይ ያለው ቁጥር ከላብ ደብተሩ ጋር አልገጥም ሲል ቀድሞ የሚነቃውም እሱ ነው።

መሪው የኮርሱ መምህር ይሁን እንጂ የእንግሊዝኛው መምህር አይሁን። ሥራው በእንግሊዝኛ ክፍል ከተመራ ተማሪው «ሌላ እንግሊዝኛ መጣብን» ይላል፤ የሙያው መምህራንም እጃቸውን ይሰበስባሉ። «እኔ የኬሚስትሪ መምህር ነኝ፣ ሰዋስው አላስተምርም» የሚል ካለ ትክክል ነው፤ እንዲያስተምርም አይጠየቅም። ከእሱ የሚፈለገው ተማሪው «ምርቱ 62 በመቶ ሆነ» ብሎ ሲያቆም «ቀሪው 38 የት ሄደ?» ብሎ ኅዳጉ ላይ መጻፍ ነው።

ሥራው ከመጀመሩ በፊት አንድ ነገር በትምህርት ክፍሉ ጉባኤ ቃለ ጉባኤ ላይ ይስፈር፦ የእንግሊዝኛ መምህሩ ለዚህ የሚያውለው ሰዓት በሎዱ (በመደበኛ የማስተማር ሰዓቱ) ላይ እንዴት እንደሚታሰብለት። በሳምንት ሁለት ሰዓት ቢሆን እንኳ ይጻፍ። በቃል ስምምነትና በጓደኝነት የተጀመረ ነገር የመጀመሪያውን ሴሚስተር ያልፋል፤ ሁለተኛው ላይ ሰውየው ተጨማሪ ሴክሽን ሲሰጠው ይቀራል፤ ማንም አይወቅሰውም።

የመጀመሪያው ስብሰባ፦ ሦስት ወረቀት፣ ሁለት ሰዓት ተኩል

በዚህ ስብሰባ የተማሪ ደረጃ ማሽቆልቆል አይወራም። ያ ወሬ አንዴ ከተከፈተ አይዘጋም።

ካለፈው ዓመት ሦስት የተማሪ ሥራ ይምረጡ፦ አንድ ደህና፣ አንድ መካከለኛ፣ አንድ ደካማ። ስማቸውንና መታወቂያ ቁጥራቸውን ሸፍነው፣ ከእያንዳንዱ አራት ገጽ ብቻ ለሁሉም ኮፒ ያድርጉ። ሁሉም ለ40 ደቂቃ ዝም ብሎ ያንብብ፤ ለእያንዳንዱ ወረቀት ከ15 ነጥብ ስንት እንደሚሰጥና አንድ ምክንያት በትንሽ ወረቀት ላይ ጽፎ ይጠፍ። ከዚያ ወረቀቶቹ ይከፈቱና ቁጥሮቹ ሰሌዳ ላይ ይጻፉ።

ወረቀቱ ሳይከፈት ወሬ ከተጀመረ ትልቁ ፕሮፌሰር «ይቺማ ጥሩ ናት» ይላሉ፤ ሁሉም ወደዚያ ያዘነብላል፤ ስብሰባው እዚያው ሞተ። ስለዚህ ምክንያት ሲነገርም ከታናሹ ይጀመር። በድሮው ችሎት ፍርድ የሚሰጠው ከታችኛው ሹም ጀምሮ ወደ ላይ ነበር፤ ብልሃቱ ለዚህም ይሠራል።

አንዱን ወረቀት አንዱ 12፣ ሌላው 5 ሰጥቶት ቢገኝ አይገርምም። ፍሬው ያለው ልዩነቱ ላይ ነውና አይቸኩሉ። የእንግሊዝኛ መምህሩ ዝቅ ያደረገው አንቀጾቹ ስለማይያያዙ ይሆናል፤ የሙያው መምህር ከፍ ያደረገው ዘዴው ትክክል ስለሆነ ይሆናል። ከዚያው ክፍል የሆኑት ሁለቱ ራሳቸው የማይስማሙበት ጊዜም ብዙ ነው፤ ተማሪው ለየመምህሩ የተለየ ጽሑፍ የሚጽፈው በዚህ ምክንያት ነው። በዚህ ስብሰባ የሚገኘው ትልቁ ትርፍ ልዩነቱ ከየት እንደመጣ መግባባት ነው፤ ሌላው ቢቀር እንኳ።

የየሙያው ልማድ፣ እና ደግ ምክር የሚያበላሸው

የእንግሊዝኛ መምህሩ በቅድሚያ የሙያውን ልማድ ይጠይቅ። የጤና ሳይንስ ምንጭን በቁጥር ነው የሚጠቅሰው፤ ሕግና ታሪክ በግርጌ ማስታወሻ፤ ግብርናና ማኅበራዊ ሳይንስ በአብዛኛው በጸሐፊ ስምና በዓመት። የሒሳብ ሰው «እንውሰድ፣ እናገኛለን» እያለ በብዙ ቁጥር ይጽፋል፤ የላብ ሪፖርት ግን «ናሙናው ተመዘነ» ይላል፤ ማን እንደመዘነው አይናገርም። የታሪክ ተማሪ ድምዳሜውን በሂደት ይገነባል፤ የኢንጂነሪንግ ሪፖርት ውጤቱን ከፊት ያስቀምጣል። እነዚህ የጣዕም ጉዳዮች አይደሉም፤ በየሙያው አንባቢው የሚፈልገውን የሚያገኝባቸው ቦታዎች ናቸው።

በደግነት የሚሰጥ የቋንቋ ምክር ሲጎዳ የሚታይበት አንድ ቦታ አለ፦ «ቃል አትደጋግም።» ለድርሰት መልካም ምክር ነው። አንድ የእጽዋት ሳይንስ ተማሪ ይህን ሰምቶ በአንዱ አንቀጽ «ዪልድ»፣ በሚቀጥለው «ፕሮዳክሽን»፣ በሦስተኛው «ፕሮዳክቲቪቲ» እያለ ይጽፋል። ለእንግሊዝኛ መምህሩ ያማረ ነው። ለግብርና መምህሩ ግን ወረዳው ያመረተው ጠቅላላ ኩንታል («ፕሮዳክሽን») እና ከአንድ ሔክታር የተገኘው ኩንታል («ዪልድ») ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ተማሪው ሳያውቀው ግኝቱን ቀያይሯል። «ሲግኒፊካንት» የሚለው ቃልም እንዲሁ ነው፤ ስታቲስቲክስ ባለበት ጽሑፍ ውስጥ «ትልቅ» ለማለት አይውልም። በመጀመሪያው ወር ውስጥ የኮርሱ መምህር ከ15 እስከ 20 የሚሆኑ «በሌላ ቃል የማይለወጡ» ቃላት ዝርዝር አዘጋጅቶ ለእንግሊዝኛ መምህሩም ለኢሊክም ይስጥ። ግማሽ ገጽ ናት፤ ብዙ ጭቅጭቅ ታስቀራለች።

የአሳይንመንቱ ወረቀት

ደካማ ጽሑፍ ብዙውን ጊዜ ከደካማ ትእዛዝ ይወለዳል። «በመረጣችሁት ርዕስ ላይ ከ10 እስከ 15 ገጽ ፕሮፖዛል ሥሩ፤ በቡድን፤ እስከ ሴሚስተሩ መጨረሻ» የሚል ትእዛዝ ከበር ላይ ፎቶኮፒ ቤት የድሮ ሥራ ገዝቶ ሽፋን ለመቀየር የተሰጠ ፈቃድ ነው ማለት ይቻላል።

የተሻለው ወረቀት አንድ ገጽ ሆኖ እነዚህን ይይዛል፦ ጽሑፉ የሚመልሰው ጥያቄ፤ አንባቢው ማን እንደሆነ (ለምሳሌ «ሙያውን የሚያውቅ፣ ይህን ከተማ ግን የማያውቅ መምህር»)፤ ርዝመት በቃላት እንጂ በገጽ አይደለም፣ ምክንያቱም ፊደል በማስፋት ገጽ ይሞላል፤ ቢያንስ ስምንት ምንጭ፣ ከእነሱም አምስቱ የጆርናል ጽሑፍ፤ መረጃው ከካምፓሱ ወይም ከከተማው እንዲሆን፤ የየደረጃው ቀንና ነጥብ። የእንግሊዝኛ መምህሩ ይህን ወረቀት ለሦስት ተማሪ ሰጥቶ «ምን እንድታደርጉ ነው የተጠየቃችሁት?» ይበላቸው። መልሳቸው ከተለያየ ወረቀቱ ይታረም።

መመዘኛው አራት መስመር ብቻ ይሁን። ከ15 ነጥብ፦ የጥያቄው ጥራት 4፣ የምንጭ አጠቃቀም 4፣ አመክንዮ 4፣ ቋንቋና ቅርጽ 3። ቋንቋ ከዚህ በላይ ሲመዝን ተማሪው ሐሳቡን ትቶ ሰዋስው ያሳድዳል፤ ጭራሽ ካልተመዘነ ደግሞ ማንም አይጨነቅበትም። ለሦስቱ ነጥብ መለኪያው «ስንት ስህተት አለ» ሳይሆን «አንባቢው ስንት ጊዜ ወደ ኋላ ተመልሶ ለማንበብ ተገደደ» የሚል ይሁን። ዘጠኝ አስር መስመር ያለው ሩብሪክ ያማረ ይመስላል፤ ከአስረኛው ወረቀት በኋላ ግን መምህሩ ሳያየው በግምት ነው የሚሞላው።

አሥራ ስድስቱ ሳምንታት

በ3ኛው ሳምንት የአሳይንመንቱ ወረቀት ይሰጣል። የእንግሊዝኛ መምህሩ ያን ቀን ክፍል ይገኝ፤ 20 ደቂቃ ይበቃዋል። ሁለቱን መምህራን ጎን ለጎን ቆመው ማየት ራሱ ለተማሪው መልእክት ነው።

በ5ኛው ሳምንት እያንዳንዱ ተማሪ ግማሽ ገጽ የችግር መግለጫ በክፍል ውስጥ፣ በእጁ ይጽፋል (5 ነጥብ)። ፕሮፖዛሉ የቡድን ቢሆንም ይህ የግል ነው። አንዱ ጽፎ አራቱ ስማቸውን የሚያስገቡበት ልማድ የሚሰበረው እዚህ ነው፤ የተማሪው የእጅ ጽሑፍ ናሙናም በመምህሩ እጅ ይቀራል። ከመጻፋቸው በፊት አምስት ደቂቃ ለጎናቸው ላለው ጓደኛ፣ በፈለጉት ቋንቋ፣ በኦሮምኛም በአማርኛም በሶማልኛም፣ ጥያቄያቸውን ያስረዱ። በአፍ መፍቻ ቋንቋው ማስረዳት ያልቻለው ሐሳብ በእንግሊዝኛ አይወጣም። ለአንዱ ግማሽ ገጽ 4 ደቂቃ ቢወስድ 60ው በ4 ሰዓት ይነበባል።

በ7ኛው ሳምንት ቤተ መጻሕፍት። ጉብኝት አይደለም፤ እያንዳንዱ ቡድን የራሱን ጥያቄ ይዞ ሄዶ በሁለት ሰዓት ውስጥ ቢያንስ አራት ምንጭ አግኝቶ ይውጣ። ባለሙያው ቀደም ብሎ የአሳይንመንቱ ወረቀት ደርሶት ሦስት አራት የፍለጋ ቃላት ሞክሮ ይጠብቃቸው። የጆርናል ጽሑፎች ከሚገኙባቸው ድረ ገጾች ለጤና ሂናሪ፣ ለግብርና አጎራ በዩኒቨርሲቲው በኩል ይገባባቸዋል፤ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመመረቂያ ጽሑፎች ማከማቻ ለአገር ውስጥ ጥናቶች ጥሩ መነሻ ነው። ምንጮችን የሚያደራጀው ሶፍትዌር ዞተሮ ነፃ ነው፤ ከተጫነ በኋላ ያለ ኔትወርክም ይሠራል፤ በየካምፓሱ የኔትወርክ ነገር ስለሚታወቅ ይህ ቀላል ጥቅም አይደለም። መብራት ቢጠፋ የታተሙ አስር ጽሑፎች በመጠባበቂያ ይያዙ።

ከቤተ መጻሕፍት የሚወጣው ሥራ የምንጭ ሰንጠረዥ ነው (5 ነጥብ)። አራት ዓምድ፦ ማን የት አጠና፣ በምን ዘዴ፣ ምን አገኘ፣ ከእኔ ጥያቄ ጋር ምን ያገናኘዋል። የመጨረሻው ዓምድ ባዶ የሆነበት ምንጭ ይጣላል። ይህ ሰንጠረዥ የሚፈውሰው በሽታ ሁሉም የሚያውቀው ነው፦ «እገሌ (2018) እንዲህ አለ። እገሊት (2020) እንዲህ አለች። እገሌና ሌሎች (2021) እንዲህ አሉ» እያለ ስድስት ገጽ የሚሄድ የተዛማጅ ጽሑፎች ቅኝት። ሰንጠረዡ ሲኖር ተማሪው ወደ ጎን ከማንበብ ይልቅ ወደ ታች ማንበብ ይጀምራል፦ ሦስቱ በዘዴ ይመሳሰላሉ፣ ውጤታቸው ግን ይለያያል፣ ለምን? አንቀጹ የሚወለደው ከዚህ ነው።

በ9ኛው ሳምንት ሁለት ገጽ ረቂቅ (በሰዓቱ ላመጣ 5 ነጥብ፤ ጥራቱ አይታይም)። በ10ኛው ሳምንት በክፍል ውስጥ ጥንድ ጥንድ ሆነው ይለዋወጣሉ። «ጓደኛህን ጽሑፍ አርም» ከተባለ «በጣም ጥሩ ነው፣ ትንሽ ስፔሊንግ» ብሎ ይመልሳል፤ ሰው ጓደኛውን አያሳጣም። በምትኩ ሁለት ነገር ብቻ ያድርግ፦ ከየአንቀጹ ዋናውን ዓረፍተ ነገር ያስምርበት፤ ካጣው ኅዳጉ ላይ የጥያቄ ምልክት ያድርግ። ይህ ማሳጣት አይደለም፤ መፈለግ ነው።

የመምህራኑ ግብረመልስም በዚያው ሳምንት ይሰጣል። ረቂቁ በየግል ከተጻፈና ለአንዱ 10 ደቂቃ ቢታሰብ 60ው 10 ሰዓት ነው፤ ለሁለት ሲካፈል ለእያንዳንዱ 5 ሰዓት። የመጨረሻው ሥራ በ14ኛው ሳምንት ይገባል (15 ነጥብ)፤ ድምሩ ከተከታታይ ምዘናው 30 ይሆናል። ከዚያ በኋላ ፈተና ስላለ ወደ 15ኛው አያስተላልፉት።

ሦስት ማስታወሻ ብቻ

በቀይ ብዕር የተሸፈነ ረቂቅ የመምህሩን ትጋት ያሳያል እንጂ ተማሪውን አያስተምርም። ተማሪው የታረመለትን ገልብጦ ይመልሳል፤ በሚቀጥለው ሥራ ያው ስህተት ይመጣል። በአንድ ረቂቅ ላይ ሦስት ማስታወሻ ይበቃል፦ ሁለቱ ስለ ሐሳቡ፣ አንዱ ስለሚደጋገም አንድ የቋንቋ ልማድ። «ግልጽ አድርግ» የሚል ማስታወሻ አይቆጠርም፤ ራሱ ግልጽ አይደለም። «እዚህ ላይ የሁለቱ ቀበሌ ውጤት ለምን እንደተለያየ ጠበቅሁ፤ አላገኘሁም» የሚለው ይቆጠራል።

ከቋንቋ ልማዶች ሁሉ ቅድሚያ የሚገባው የዓረፍተ ነገር ርዝመት ነው። አማርኛ «መረጃውን ሰብስቦ፣ አጣርቶ፣ በሰንጠረዥ አደራጅቶ፣ ከቀደሙት ጥናቶች ጋር አነጻጽሮ» እያለ ብዙ ግስ አስከትሎ በአንድ ማሰሪያ ይዘጋዋል፤ ያምርበታልም። ተማሪው ይህንኑ ስንሰለት በእንግሊዝኛ በ«ኤንድ» እና በ«ዊች» እየቀጠለ ሲጽፈው ሰባት መስመር ላይ ባለቤቱ ይጠፋል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ ግሶቹን ያክብብ፤ በአንድ ዓረፍተ ነገር ከሦስት በላይ ካሉ ይክፈለው። የእንግሊዝኛ መምህሩ አንድ አንቀጽ ብቻ አብሮት ይሥራ፤ የቀሩትን ተማሪው ራሱ ይቁረጥ።

ኢሊክን ማረሚያ ቤት አታድርጉት

ወደ ማዕከሉ የሚላክ ተማሪ «ሂድና ይታረምልህ» ተብሎ ከሆነ 60 ገጽ ይዞ በዲፌንሱ ዋዜማ ይመጣል። ደንቡ በር ላይ ይለጠፍ፦ በአንድ ቀጠሮ 30 ደቂቃ፣ ከአራት ገጽ ያልበለጠ፣ የአሳይንመንቱ ወረቀትና የመምህሩ ማስታወሻ ከሌለ አይስተናገድም። ብዕሩ ሁልጊዜ በተማሪው እጅ ይቆይ። ከቀጠሮው በኋላ ረዳቱ ሦስት መስመር ይጻፍ፦ ምን ላይ ሠሩ፣ ተማሪው ቀጥሎ ምን ያደርጋል፣ መምህሩ ምን ቢያውቅ ይጠቅማል። ይህች ቁራጭ ወረቀት ለኮርሱ መምህር ትድረስ። አሥራ ሁለት ተማሪ ያንኑ ነገር ሊጠይቅ ከመጣ ጉድለቱ ከአሳይንመንቱ ወረቀት ነው፤ በዚያው ሳምንት ክፍል ውስጥ ይብራራ። የመክፈቻ ሰዓቱም ተማሪው ክላስ በሌለው ጊዜ ይሁን፤ ከምሽቱ 12 እስከ 2 ሰዓት ከጠዋቱ 4 ሰዓት ይሻላል።

ስለ ቅጂና ስለ ቻትጂፒቲ

የድሮ ሥራ መግዛትንም ማሽን ማስጻፍንም ቁጣ አይከላከላቸውም፤ የሥራው አወቃቀር ነው የሚከላከላቸው። በ5ኛው ሳምንት በእጁ የጻፈው፣ የምንጭ ሰንጠረዡ፣ ረቂቁና የመጨረሻው ሥራ በአንድ ላይ ታስረው ሲገቡ መስመሩ የተቋረጠበት ቦታ ይታያል። የማሽን ጽሑፍን እንለያለን የሚሉ ሶፍትዌሮችን ተማምኖ መክሰስ ግን አደገኛ ነው፤ እንግሊዝኛ ሁለተኛ ቋንቋው የሆነ ሰው ራሱ የጻፈውን የማሽን ነው ብለው ሲሳሳቱ ታይተዋል። የሚሻለው የአምስት ደቂቃ ጥያቄ ነው፦ «ከጠቀስካቸው ምንጮች ሁለቱን ክፈትልኝ፤ ይህ ሐሳብ የትኛው ገጽ ላይ ነው?» ቻትጂፒቲ የፈጠረው ምንጭ እዚህ ላይ አይከፈትም። የመምህራኑ ቡድንም አስቀድሞ ይወስን፦ ዓረፍተ ነገር ለማቃናት መጠቀም ይፈቀዳል ወይስ አይፈቀድም? አንዱ መምህር ፈቅዶ ሌላው ዜሮ ከሰጠ ተማሪው የሚማረው መደበቅን ነው።

ሴሚስተሩ ሲያልቅ

የመጠይቅ ቅጽ አትበትኑ፤ ተማሪ ሁሉንም «በጣም ጥሩ» ላይ ያክብበዋል። ካለፈው ዓመት አምስት ሥራ፣ ከዘንድሮው አምስት ሥራ በዕጣ አውጥታችሁ፣ ስምና ዓመተ ምሕረቱን ሸፍናችሁ፣ ቀላቅላችሁ በዚያው ባለ አራት መስመር መመዘኛ አርሙ። ከተቻለ ኮርሱን ያልሰጠ አንድ መምህር ከውጭ ይጨመር። በአመክንዮ መስመር ላይ ለውጥ ከሌለ፣ ቋንቋው ቢያምርም፣ ግብረመልሱ ወደ ሰዋስው አዘንብሎ ከርሟል ማለት ነው፤ በሚቀጥለው ጊዜ የኮርሱ መምህር ማስታወሻዎቹን ይይዛል። አመክንዮው ተሻሽሎ የምንጭ አጠቃቀሙ ባለበት ከቆመ የቤተ መጻሕፍቱ ሁለት ሰዓት ወደ ሁለት ቀን ይከፈል፤ በመካከሉ ተማሪዎቹ ያገኙትን ያንብቡ።

ከዚያ አንድ ክላሰር ክፈቱና በትምህርት ክፍሉ ጸሐፊ ዘንድ ይቀመጥ፦ የአሳይንመንቱ ወረቀት፣ መመዘኛው፣ የማይለወጡት ቃላት ዝርዝር፣ ስማቸው የተሸፈነ ሦስት ናሙና ሥራዎች ከነነጥባቸውና ከነምክንያታቸው፣ የሎዱ ቃለ ጉባኤ። በፍላሽም ይቀመጥ፣ ግን በፍላሽ ብቻ አይሁን። ኮርሱን የሰጠው መምህር ለፒኤችዲ ሲሄድ በመስከረም ሴክሽኑን የሚረከበው አዲስ ሰው ከኃላፊው ቢሮ ቁልፍና ማርከር ሲቀበል ክላሰሩንም አብሮ ይቀበል።